ለሦስት የተቆረጠው መጽሐፍ

ባለፈው ሳምንት እናቴ ቤት የድሮ ሣጥን ስከፍት ቀድሞ የደረሰኝ ሽታው ነው፤ የላምባና የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታ። ከሥሩ ያ መጽሐፍ ነበር። ጀርባው በማዳበሪያ ጆንያ ክር ተሰፍቷል፤ የሰፋሁት እኔ ስለሆንኩ ስፌቱ ጠማማ ነው። የእህቴ ልጅ አገላብጣ አየችውና «በቴሌግራም የለም? ጓደኞቼም ማንበብ ይፈልጋሉ» አለችኝ። መኖሩን እንጃ አልኳት። እኛ ያነበብነው በምላጭ ቆርጠን ነው።

መካነ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ስንማር ነው። አጎቴ የደሴ መስመር ሾፌር ነበር። አንድ ተሳፋሪ ወንበር ላይ ረስቶት የወረደውን መጽሐፍ ባለቤት ቢያጣለት ለእኔ ሰጠኝ። ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ልቦለድ ነው። በእኛ ዕድሜ ያለች አንዲት ልጅ ከሐይቅ ሥር ወደሚኖሩት ስውሮች አገር ትወርዳለች። እነሱ ያቀረቡትን ምግብ የቀመሰ ሰው ደግሞ ወደ አገሩ አይመለስም። ለማንበብ የቋመጥነው ሦስት ነበርን፤ ተራ ለመጠበቅ ትዕግሥት ያለው ግን አልነበረም። ስለዚህ ለሦስት ቆረጥኩት። መጀመሪያው ለዴስክ ጓደኛዬ፣ መሐሉ ለእኔ፣ መጨረሻው ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ ለሚማር ዲያቆን ደረሰ።

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባሕር ዛፎቹ ሥር ቁጭ ብለን፣ ጉሙ ደብተራችንን እያራሰው፣ የዲያቆኑን የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን እንጨቃጨቅ ነበር። እኔ በደረሰኝ ክፍል ውስጥ የስውሮቹ ልዑል ልጅቷን በፈረስ ያንሸራሽራታል። በፍቅሩ ክንፍ አልኩ። ጓደኛዬ በደረሳት ክፍል ውስጥ ደግሞ ያው ልዑል አታልሎ ምግቡን ያቀርብላታል። ስለ እሱ ሲነሳ ፊቷ ይጨማደዳል።

«አንች እኮ መሐሉን ብቻ ስላነበብሽ ነው» ትለኛለች።

«አንችስ መጀመሪያውን ብቻ አይደል?» እላታለሁ። የሚያናድደው ሁለታችንም ልክ ነበርን።

ዲያቆኑ መጀመሪያ ላይ «የአጋንንት ነገር ነው» ብሎ ወረቀቶቹን በሁለት ጣቱ ነበር የተቀበለኝ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ጨርሷቸው መሐሉን ስጭኝ እያለ ይነዘንዘኝ ጀመር። አስተያየቱ አጭር ነበር፤ «አማትባ ብትበላ ኖሮ ምንም አይነካትም ነበር»። ጓደኛዬ የሙስሊም ልጅ ናት። «ወላሂ እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው፤ ቢስሚላህ ሳትል እንዴት ትጎርሳለች?» አለች። በሌላ በምንም ተስማምተው የማያውቁት ሁለቱ በዚህ ተስማሙ። እኔ ስለ ልዑሉ ዓይን ላወራ ብሞክር የሰማኝ የለም።

ጓደኛዬን የሚያስጨንቃት ግን ሌላ ነበር። ዲያቆኑን ባገኘችው ቁጥር «ልጅቷ ትመለሳለች?» እያለች ትጠይቀዋለች። ለምን እንደምትጠይቅ እናውቅ ነበር። እሷ ገና ሕፃን ሳለች እናቷ ለአያቷ ትታት ዐረብ አገር ሄዳለች። በስልክ ሁሌም «ለሚቀጥለው ረመዳን እመጣለሁ» ትላለች፤ ረመዳን ሲደርስ ኮንትራቷን ታራዝማለች። ዲያቆኑ የተጻፈ ነገር ሲዛነፍ አይወድም፤ አስተማሪ ሲያነብ አንድ ቃል ቢዘል እንኳ እጁን ያወጣል። ለእሷ ግን አንገቱን ደፍቶ «ደርሰሽ እይው» ብቻ ይላት ነበር።

መጨረሻውን ያነበበች ዕለት እኔ አስቀድሜ አንብቤው ስለነበር ፊቷን ማየት ፈራሁ። ልጅቷ አትመለስም። ሐይቁ ዳር ቆማ የመንደሯን መብራት ከሩቅ ታያለች፤ እዚያ ላይ ያልቃል። ጓደኛዬ ወረቀቶቹን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች።

«ወረቀቱ አለቀ እንጂ እሷ ቀረች ማለት አይደለም» አለች በመጨረሻ።

«ለዘለዓለም ይላል እኮ» አለ ዲያቆኑ። እግሩን ረገጥኩት፤ ግን ዘግይቼ ነበር። ተነሥታ ሄደች፤ ከዚያ በኋላ ቆሎውን ቢዘረጋላትም አልነካችለትም። እኔም በማግሥቱ ሦስቱን ክፍሎች ሰብስቤ ሰፋኋቸው።

እናቷ የመጣችው በቀጣዩ ዓመት ነው፤ ረመዳንም አልነበረም። ጓደኛዬ ሁለታችንንም ቤቷ ጠራችን። ቤቱ የዐረብ ሽቶና የአዲስ ሻንጣ ሽታ ሸቶ ነበር። እናትየው ቴምር በሳህን አቀረበችልን። ዲያቆኑ አማተበ። ጓደኛዬ የእናቷን እጅ ይዛ «መጀመሪያ ቢስሚላህ በይ» አለቻት።

«ምነው ልጄ፣ ሳልል በልቼ አውቃለሁ?» ብላ ሳቀች እናትየው። እኛም አብረን ሳቅን፤ ያሳቀንን ስትጠይቅ ጓደኛዬ ስለ መጽሐፉ ነገረቻት። እናትየው ሳቋን አቆመችና አንገቷን ቀና አደረገች።

«እና ያች ልጅ ተመለሰች?»

ጓደኛዬ ዓይኗን ወደ ዲያቆኑ መለሰች። «እሱን ጠይቂው፤ መጨረሻው የደረሰው ለእሱ ነው።»

ዲያቆኑ ቴምሩን በእጁ እንደያዘ ጉሮሮውን ጠረገ። «ተመልሳለች፣ እትየ» አለ።

«አልሐምዱሊላህ» አለች እናትየው። ጓደኛዬ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት።

ዛሬ እሱ ቄስ ሆኗል። እሷ ደሴ ነች፤ እናቷም አብራት ትኖራለች። ሁላችንም ደህና ነን። አንድ ላይ ከተቀመጥን ግን ብዙ ዘመን ሆነን፤ በጣም ናፍቀውኛል።

የእህቴን ልጅ ጓደኞቿ ስንት እንደሆኑ ጠየቅኳት። «ሁለት» አለችኝ። የማዳበሪያውን ክር በጥርሴ በጥሼ ሦስቱን ክፍሎች ሰጠኋት።