«አይገባትም» ያልኩባት ልጅ

ለንስሐ አባቴ ያልነገርኩት ነገር ጥቂት ነው። መጠጡን ነግሬያለሁ፤ ከወንድሜ ጋር የተኳረፍኩበትን ነግሬያለሁ፤ ጾም መግደፌንም አልደበቅኩም። ይህችን ግን በየዓመቱ እዘላታለሁ። ለምን እንደምዘላት ታውቃላችሁ? ሌሎቹ ኃጢአቶች ሰው ያስመስሉኛል። ይህችኛዋ ምን ዓይነት ወራዳ እንደሆንኩ ታሳያለች። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ። ስታበቁ ብትንቁኝ አልቀየምም።

ነገሩ የሆነው ሱሉልታ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት አለፈው። ኦቦ ደበሌ የሚባሉ ገበሬ ጫልቱ የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ ነበረቻቸው። ደረቷን እያመማት፣ ያን ብርድ ችላ ትምህርት ቤት መመላለስ ስላቃታት፣ እቤት ሆና እንዳስተምራት ቀጠሩኝ። እኔም ከአዲሱ ገበያ በሚኒባስ እየተሳፈርኩ በሳምንት ሁለት ቀን እሄዳለሁ። ጭቃውን እረግማለሁ፤ የበረቱን ሽታ እረግማለሁ፤ የሚያቀርቡልኝን እርጎ ግን አንድም ቀን መልሼ አላውቅም። ኦቦ ደበሌ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ስለተማርኩ ብቻ አንቱ ይሉኝ ነበር። ኧረ ይተዉ አላልኳቸውም፤ እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር።

ልጅቷ ፊደሉን ቶሎ ጨረሰችው። ከዚያ ምን እናንብብ የሚለው መጣ። ከያዝኳቸው የልጆች መጻሕፍት አንዱን ሥዕል በዛበት ብዬ ናቅኩት፤ ሌላውን ለሕፃን ነው ብዬ ናቅኩት። ስለ አንዲት ዶሮ የሚያወራውን ወዳው ደጋግማ ታነበው ነበር፤ እሱንም ነጠቅኳት። ለሕፃን የተጻፈውን ለሕፃን ነው ብሎ የሚጥል የሕፃን መምህር አይታችኋል? ይኸው እኔ ነኝ። በመጨረሻ ይመጥናታል ብዬ የመረጥኩላት ምን ይመስላችኋል? ራሴ የጻፍኩትን ታሪክ። ላሳትመው አስቤ ስለነበር የሚያደንቀኝ አንባቢ ፈልጌ ነው።

ታሪኩ ስለ አንድ ድሃ ገበሬ ነው። ሰውየው ያለችውን አንድ በሬ ጠምዶ ሲያርስ ይኖራል፤ ኋላ ልጁን ለማስተማር ብሎ በሬውን ይሸጣል። ስጽፈው አልቅሻለሁ። ጫልቱ አንብባ ስትጨርስ ምን ተማርሽ አልኳት፤ የትምህርትን ክብር እንድትነግረኝ እየጠበቅኩ።

«በአንድ በሬ አይታረስም እኮ መምህር» አለችኝ። «ከጎረቤት በሬ ጋር ነው የሚቀናጀው። የኛም እንደዚያ ነው። እሱ ሲሸጠው ጎረቤትየው በምን ያርሳል? እሱስ ልጅ የለውም?»

ደጅ ላም ሲያልቡ የነበሩት እናቷ ሳቁ። ሳቃቸው ክፋት አልነበረበትም፤ በልጃቸው ኮርተው ነው። እኔን ግን ፊቴን ፈጀኝ። ያቺ ልጅ የጻፍኩትን ከኔ በላይ አንብባዋለች። እኔ በሬ የማውቀው ሥጋ ቤት ተሰቅሎ ነው። አልገባሽም፣ ደግመሽ አንብቢ አልኳት። ደግማ አነበበች፤ ደግማ ያንኑ ጠየቀችኝ።

ነሐሴ ላይ ኦቦ ደበሌ ደረቷ ተሽሏታል፣ መስከረም ትምህርት ቤት ላስገባት ነው፣ ምን ይሉኛል አሉኝ። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። ከኔ ሌላ ሰው አይጠይቁም፤ መምህር አንዴ ከተናገረ ለሳቸው ያለቀ ነገር ነው። ይህን አውቅ ነበር። እያወቅኩ፣ አስቤበት ልምጣ ብዬ ሄድኩና በሚቀጥለው የትምህርት ቀን «ማንበቡን ታነባለች፤ ግን አይገባትም። ከእኩዮቿ ጋር ብትቀመጥ መሳቂያ ትሆናለች» አልኩ። አፌ አመለጠኝ እንዳልል አላመለጠኝም። ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ብዬ ያዘጋጀሁት ነው።

ኦቦ ደበሌ «እንግዲያ አናስጨንቃት» አሉ። ጫልቱ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። አላለቀሰችም። ደብተሯን አልጋ ሥር ከታ ወደ እናቷ ወጣች።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እኔ ንቄያቸው ነው። የከተማ ሰው ቢሆኑ፣ ደብዳቤ ጽፈው የሚከሱኝ ቢሆኑ፣ እንደዚያ እደፍር ነበር? አልደፍርም። ነውሬ ደግሞ በዚህ አላበቃም። መጽሐፉን ሳሳትም ጎረቤትየውን አስገባሁት፤ በሬ አጥቶ ያልታረሰ ማሳውን ቆሞ ሲያይ። አንባቢ ሁሉ የወደደው ያን ገጽ ነው። እንዴት አሰብከው ሲሉኝ ሕይወትን ማስተዋል ነው እላለሁ። ወይ ማስተዋል። የልጅ ሐሳብ ሰርቄ፣ ባለሐሳቧን ደደብ ብዬ ከትምህርት ያስቀረሁ ሌባ ነኝ። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ይቅርታም ከእናንተ አልለምንም። ይቅር ማለት የምትችለው እሷ ናት፤ እሷ ደግሞ ያልኩትን አምናኛለች።

ባለፈው ክረምት ሱሉልታ መንገድ ዳር ኦቦ ደበሌን አገኘኋቸው። አርጅተዋል። ስለ ጫልቱ ጠየቅኩ። ወተት ማሰባሰቢያው ጋ ጣሳ ታጥባለች አሉኝ። ታናሽ ወንድሟ አሥረኛ ክፍል ደርሷል፤ ከመጽሐፉ ያልገባውን የምታስረዳው እሷ ነች፣ እንዴት እንደምታውቀው እንጃ እያሉ ሳቁ። እኔ አይገባትም ብያለሁና፣ ሲገባት እያዩ እንኳ ዓይናቸውን አላመኑም።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሁለታችን ብቻ ነበርን። አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ።

«ገለቶማ መምህር። ያን ጊዜ እውነቱን ባይነግሩን ልጄ ሰው ፊት ትዋረድ ነበር። እግዜር ልጆችዎን ያሳድግልዎ፤ ያሰቡትን ይሙላልዎ» ብለው መረቁኝ።

ሁለት እጄን ዘርግቼ አሜን አልኩ።