ግንቡና የጓሮው በር

እህቴ «ነገ ግንብ ላሳይህ ነው» ስትለኝ «እሺ» አልኳት። ያማረኝ ግን መተኛት ነበር። ከጆሃንስበርግ ጀርመን ድረስ በአውሮፕላን ታጥፌ መጥቼ ጉልበቴ ገና አልተዘረጋም። እሷ ግን ታላቄ ናት። እኛ ቤት ለታላቅ እምቢ አይባልም፤ እሺ ይባልና የሆነው ይሆናል። በማግስቱ ብርድ ልብሱን ከላዬ ገፍፋ መኪና ውስጥ አስገባችኝ።

ከመሄዴ በፊት ሱቁን ለታናሽ ወንድሜ ትቼለት ነበር። ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ ቮስሎሩስ በሚባል ሎኬሽን፣ የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ፣ እኔና እሱ የምንሠራባት ስፓዛ አለችን፤ ዳቦ፣ ዱቄት፣ ፓራፊን የሚሉትን ላምባና ሳሙና የምትሸጥ የሰፈር ሱቅ ማለት ነው። ግቢው የአንዲት አሮጊት ነው። እንደ ሰፈሩ ሰው ጎጎ እንላታለን፣ አያቴ እንደ ማለት። ሱቁ ፊት ለፊት በብረት ፍርግርግ የታጠረ ነው፤ ከደንበኛ ጋር የምንገናኘው አንድ ዳቦ በምታሳልፍ ቀዳዳ ብቻ ነው። እኔ መሀል ከተማ አጠገብ ትሮይቪል ተከራይቼ በባኪዬ፣ በትንሿ የጭነት መኪናዬ፣ ዕቃ አመላልሳለሁ፤ ወንድሜ እዚያው ከመደርደሪያው ጀርባ ይተኛል።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሽጉጥ የያዙ ሰዎች በጓሮው በር ገብተው ወንድሜን ደበደቡት። ጆሮው ሥር የተሰፋው ጠባሳ አሁንም አለ። ደሜ ፈላ። በነጋታው በያጅ ጠርቼ «ይህን በር ዙሪያውን በይደው፤ ከእንግዲህ በር መሆኑ ይቅር» አልኩት። ወንድሜ ከኋላዬ ቆሞ «ጋሼ፣ ሰው እኮ ቤቱን ሲሠራ የጓሮ በር...» ብሎ ጀመረ። ስልጤ ያለው የአባታችን ቤት ትዝ ብሎት ነው፤ የጓሮው በር ወደ እንሰቱ ያወጣ ነበር። «እዚህ እንሰት አለህ?» አልኩት። «እሺ» አለ። እኔ ዕቃ ልጭን ሄድኩ። ስመለስ በሩ ተዘግቷል፤ በትከሻዬ ገፋሁት፣ ንቅንቅ አላለም። የዱቄት ጆንያ ደረደርንበት። በዚያ ሰሞን ወንድሜ ትልቅ መዶሻ ገዝቶ አልጋው ሥር አስቀመጠ። «ሌባን በመዶሻ ልታባርር ነው?» ብዬ ሳቅሁበት፤ እሱም አብሮኝ ሳቀ።

እህቴ የምትኖርበት አገር ኮረብታ ብቻ ነው። ቁልቁለቱ ሁሉ ወይን ተተክሎበታል፣ ከታች ወንዝ ይጠማዘዛል፣ ከየኮረብታው አናት ላይ አንድ ግንብ ያፈጥጥብሃል። የመጀመሪያው ግንብ በር ላይ ቲኬት የምትሸጠው ሴትዮ መስታወት ጀርባ ተቀምጣለች፤ ገንዘቡን በትንሽ ቀዳዳ ተቀበለችኝ። ስንት ዓመት ከቀዳዳ በስተውስጥ ኖሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በውጭ በኩል ቆምኩ። «ሳውቦና» ብዬ በዙሉ ሰላም ልላት ምንም አልቀረኝ።

ውስጡን ሳይ ግን ደስታዬን አልቻልኩትም። በሩ ላይ ከላይ በሰንሰለት የሚወርድ ፍርግርግ አለ። ግድግዳው ላይ ያሉት መስኮቶች ከውጭ እጅ አያስገቡም፤ ከውስጥ ግን ሰፊ ናቸው፣ ሰው ሙሉ ቁመቱን ቆሞ ቀስት ይወረውርባቸዋል። ከበሩ በላይ ደግሞ የፈላ ነገር የሚደፉበት ሽንቁር አለ። «እነዚህ ሰዎች ሎኬሽን ውስጥ ሱቅ ነበራቸው እንዴ?» አልኩ። እህቴ ከትከት ብላ ሳቀች። «ሰው እዚህ መጥቶ ሥዕል ያያል፣ አንተ ማጠፊያ ትነካካለህ!» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ያነሳሁት ፎቶ ሁሉ ማጠፊያና መቀርቀሪያ ነበር።

አንዱን ለወንድሜ ላክሁለት። በድምፅ መለሰልኝ፦ «እሺ ጋሼ፣ ያምራል።» ቀጠለና፣ «ሰፈር ውስጥ ወሬ አለ። አታስብ» አለ።

ደወልኩ። የመብራት ምሰሶው ላይ ወረቀት ተለጥፏል አለኝ፤ የውጭ አገር ሰዎች ሱቅ እስከ ቅዳሜ ይዘጋ ይላል። ጎጎ ጠዋት ወደ ቀዳዳዋ መጥታ ዳቦ ሳትገዛ «ምንታናሚ፣ ቅዳሜ እዚህ አትሁን» ብላዋለች። ምንታናሚ ልጄ ማለት ነው። ሌላ ቀን ስትጠራው ዳቦ በዱቤ ልትወስድ ስትል ነው፤ ያን ቀን ግን ምንም አልፈለገችም።

እኔ ያን ሰዓት ሦስት ሜትር ውፍረት ያለው የድንጋይ ግድግዳ ተደግፌ ነበር የቆምኩት። ልቤ አብጦ ነበር። «የትም አትሂድ» አልኩት። «ሱቁን ጥለህ ከወጣህ አንድ ሰዓት አይቆይም፤ ሙልጭ አድርገው ይወስዱታል። ዝጋና ውስጥ ሁን። ያን ብረት ማንም አይሰብረውም።»

«እሺ» አለ።

በሁለተኛው ቀን ጉም ወርዶ ነበር። እህቴ ይዛኝ የሄደችው በዙሪያው የነበረው ሁሉ ፈርሶ ብቻውን ወደ ቀረ ማማ ነው። በሩ መሬት ላይ አይደለም፤ የቤት ጣሪያ በሚያክል ከፍታ ላይ ነው። ዛሬ የብረት ደረጃ አለው፤ ጥንት ግን በመሰላል ወጥተው መሰላሉን ወደ ላይ ይስቡት ነበር። የሚያስጎበኙን ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው በጀርመንኛ ይናገራሉ፣ እህቴ ትተረጉምልኛለች።

ውስጡ ጨለማ ነው። ወለሉ መሀል ላይ አንድ ክብ ቀዳዳ አለ፣ በብረት ተከድኗል። «የፍርሃት ቀዳዳ ይሉታል» አለች እህቴ። «እስረኛ በገመድ የሚያወርዱበት ነው አሉ።» ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከታች ምንም አይታይም፤ ቀዝቃዛ አየር ብቻ ፊቴን መታኝ።

ቀና ስል የሱቅ ጠባዬ ተነሳብኝ። «ሌላኛው በር የት ነው በያቸው» አልኳት።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላ በር የለም። ብርታቱም እሱ ነው፣ ጠላት የሚገባበት የለውም።

«እሳት ቢለኩሱባቸውስ?»

እህቴ ጥያቄውን ከማስተላለፏ በፊት ፊቴን አየችኝ። ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ አስደግፈው ትንሽ አሰቡ፤ ከዚያ ረጋ ብለው ተናገሩ። እሷም ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተረጎመችልኝ፦ «ግድግዳውን መስበር አያስፈልጋቸውም ነበር ይላሉ። ከታች እርጥብ ጭድ ያነዱበታል። ማማው ራሱ እንደ ጭስ ማውጫ ይስበዋል። ውስጥ ያሉት...» አልጨረሰችውም።

የዱቄት ጆንያዎቹ፣ ከጀርባቸው ያ በር፣ ከፊት ያ ፍርግርግ፣ መሀል ላይ ወንድሜ ከነፓራፊኑ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ግንብ አልሠራሁለትም። በገዛ እጄ ጉድጓድ ውስጥ አውርጄ ከድኜበታለሁ።

ስልኬ እዚያ ውስጥ አይሠራም። ጠመዝማዛውን ደረጃ እያለከለክሁ እስከ ጫፉ ወጣሁ። ኪሴ ውስጥ አንድ ነገር እየተንኳኳ ነበር፤ አወጣሁት። የባኪዋ ቁልፍ ነው። ጀርመን ድረስ ይዤው መጥቻለሁ፣ መኪናዋ ትሮይቪል ቆማለች።

«አሁኑኑ ውጣና ትሮይቪል ሂድ» አልኩት ገና ሲያነሳ።

«ታክሲዎቹ ከጠዋት ጀምሮ እኛን አይጭኑም ጋሼ። በእግር የወጡትን መንገድ ላይ እየያዟቸው ነው። እዚሁ ይሻላል።»

«እንግዲያው በያጁን ጥራ። የጓሮውን በር ቆርጦ ይክፈተው።»

ነፋሱ ጆሮዬ ላይ ያፏጫል።

«ሰማኸኝ? ዛሬውኑ!»

«እሺ።»

«እሺ አትበለኝ! ጥራው!»

«እሺ አልኩህ እኮ ጋሼ» አለ፣ በዚያች ከልጅነቱ ጀምሮ በማውቃት ለስላሳ ድምፅ። ይጥራው አይጥራው ከድምፁ ልለይ አልቻልኩም። ሃያ ምናምን ዓመት እሺ ሲለኝ ኖሯል፤ አንድም ቀን ምን ማለቱ እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት የወንድሜ ስልክ «አይገኝም» ይላል። ደጋግሜ ስሞክር እህቴ ከእጄ ነጠቀችኝ። «ስታፈጥጥበት ብትውል አይጠራልህም፤ ተነስ፣ አየር ትወስዳለህ» ብላ ይዛኝ ወጣች። በደግነት ነው ያደረገችው፤ የወሰደችኝ ቦታ ግን ባይሆን ይሻል ነበር። በአቅራቢያ የቀረው ግንብ እሱ ስለሆነ እንጂ ታሪኩን እሷም አታውቀውም ነበር። ጣሪያ የሌለው ፍርስራሽ ነው፤ ከግድግዳዎቹ ውስጥ ዛፍ በቅሏል። በሩ አጠገብ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ጀመረችና ቶሎ ፊቷን አዞረች። «ምን ይላል?» አልኳት። «የድሮ ጦርነት ነው፣ ተወው» አለችኝ።

መንገር አላስፈለጋትም። ድንጋዩ ውጭው ግራጫ ነው፣ ውስጡ ግን ቀይ፣ እንደ ሸክላ። ይህን ያህል ዘመን ዝናብ ወርዶበት እሳቱ የነካው አልለቀቀም። እጄን አሳረፍኩበት፤ ይቀዘቅዛል። ሳሩ ላይ ጃኬቴን አንጥፌ ዙህርን ለመስገድ ቆምኩ፤ ስንት ረከዓ እንደ ሰገድኩ ጠፋብኝ። እንደገና ጀመርኩ፤ እንደገና ጠፋብኝ። እህቴ ግንድ ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ትበላለች። ሰው ሞቶ መርዶ የሚጠብቅ ቤተሰብ ነበር የምንመስለው።

ከሰዓት በኋላ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ።

«ጋሼ፣ ወጥቻለሁ። በጎጎ ስልክ ነው» አለና ሳል ያዘው። ከኋላው የሰው ጩኸት ይሰማል። «ሱቁ የለም።»

ተቋረጠ። እዚያው ሳሩ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አላፈርኩም። «እንኳን በያጁ ደረሰልህ» እያልኩ ለራሴ እደጋግም ነበር።

ከተመለስኩ በኋላ በመጀመሪያው ጠዋት በባኪዋ ወደ ቮስሎሩስ ሄድን። ወንድሜ ቀኝ እጁን ጠቅልሎታል። መንገድ ላይ ብዙ አልተናገረም። ጎጎ ብርድ ልብስ ጣል አድርጋበት ቤቷ ውስጥ እንደ ደበቀችው ብቻ ነገረኝ። ስንደርስ አጥሯ ጥግ ቆማ ነበር። ሰላም አላለችንም፤ መንገዱን ግራና ቀኝ አየችና ቶሎ በሉ በሚል በእጇ አመለከተችን።

ጣሪያው ወርዷል። መደርደሪያው፣ ማቀዝቀዣው፣ ሁሉም አመድ ሆኗል። ፍርግርጉ ግን ቆሟል። አንድ ዘንግ አልተጣመመም፤ ቁልፉ እንኳ እንደ ተቆለፈ ነው። ጎማ ከፊቱ ከምረው አነደዱበት እንጂ ማንም ሊሰብረው አልሞከረም።

በጎጎ በኩል ዞሬ ወደ ጓሮው ገባሁ። በሩ ግቢው ውስጥ በደረቱ ተደፍቷል። ተንበርክኬ ጠርዙን በጣቴ ዳበስኩት። የመቁረጫ ምልክት የለውም። ዙሪያውን የተበየደም አይደለም። ላይና ታች፣ ሁለት ቦታ ብቻ፣ የጥፍር ያህል የብየዳ ነጥብ ተገንጥሎ ይታያል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዱቄቱ ጆንያ ጀርባ የነበረው፣ እኔ ተበይዶ ተዘጋ ያልኩት በር ሳይሆን ሲመታ የሚከፈት በር ነበር።

«በያጁ አልመጣም?» አልኩት።

«አልጠራሁትም።»

«እሺ ብለኸኝ አልነበር?»

ወንድሜ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። የተጠቀለለ እጁን በሌላው ይዞ ቆሟል። «የዚያን ጊዜም እሺ ብዬህ ነበር» አለ። «አንተ ዕቃ ልትጭን ስትሄድ በያጁን፣ ሁለት ቦታ ብቻ ነካ አድርጋት አልኩት።»

መዶሻው አመዱ ውስጥ ነው፤ እጀታው ተቃጥሎ ብረቱ ብቻ ቀርቷል። አንስቶ ባኪዋ ላይ ጫነው።

አሁን ጻካኔ በሚባል ሎኬሽን ውስጥ ሌላ ክፍል ይዘናል። ባለፈው ሳምንት ለማስተካከል ስንገባ ከፊት ለፊቱ ምሰሶ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ፤ ግማሹን ዝናብ ልጦታል፣ የቀረውን አላነበብኩም። ወንድሜም አይቶታል። በያጁ መሣሪያውን አውርዶ ይጠብቀናል። እንደ ልማዴ ልናገር አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት።

«የጓሮውን በር የት እናድርገው?» አልኩት።

«እሺ» አለ አፉ ቀድሞት። ከዚያ ጥያቄ መሆኑ ገባው። ገና ባልዳነው እጁ ግድግዳውን በስንዝር መለካት ጀመረ፣ ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው። ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረና፣

«ጋሼ፣ መዶሻውን የማስቀምጥበት ቦታም ያስፈልገኛል» አለኝ።