የእንግሊዙ ቤት ታሪክ አዋቂ

ባለፈው ሳምንት አትላንታ መሃል፣ ሚድታውን፣ አንድ ሕንፃ ውስጥ አሳንሰር ስጠብቅ የወለል ሰም ሸተተኝና እናቴ ትዝ አለችኝ። ሌላው ሰው እናቱን በምን ሽታ እንደሚያስታውስ አላውቅም፤ የእኔ እናት እጇ ሰም ሰም ይል ነበር።

በአውሮፓውያኑ 2013 ገደማ፣ በዲቪ አሜሪካ መጥተን አትላንታ ዳር፣ ስኮትዴል፣ በተከራየን በዓመቱ፣ እናቴ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት አሜሪካዊት ባልቴት እየጦረች ቤታቸውንም ታጸዳ ነበር። ቤቱ አትላንታ ይቁም እንጂ መልኩ የእንግሊዝ ገጠር ነው፤ የባልቴቷ አያት የሆኑ የጥጥ ነጋዴ፣ እንግሊዛዊት ሚስታቸው አገሯ ናፍቋት ጥላቸው እንዳትሄድ ብለው የአባቷን ቤት እስከ ጭስ ማውጫው አስመስለው አሠሩላት፤ እሷ ግን ልጇን ወልዳ፣ አንድ ክረምት ብቻ ኖራበት ሄደች። ልጅየው፣ የባልቴቷ አባት፣ ወረሰና ግማሹን መሬት ሸጦ ፈረስ ገዛበት። ባልቴቷ ይህን በየቀኑ ለእናቴ ሲያወሩላት፣ እሷም ከትምህርት ቤት ወደዚያው ስመጣ ወለሉን እየወለወለች ለእኔ ትተርክልኝ ነበር፤ ነጋዴውን «ምስኪን»፣ ልጁን «ያ ቀበጥ» እያለች እንደ ሥጋ ዘመዶቿ ታማቸው ነበር። ባልቴቷ መርሳት ሲጀምሩማ የገዛ አባታቸውን ስም የምታስታውሳቸው እሷ ሆነች።

ባልቴቷ እንደሞቱ የእህታቸው ልጅ የቤቱን ታሪክ በመጽሐፍ ላወጣ ነው ብላ መጣች። ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ እየመጣች እናቴ ተናገረች፣ እኔ አስተረጎምኩ። ሲያልቅ ሴትዮዋ የእናቴን ስምና ፎቶ መጽሐፉ ላይ ላውጣ ወይ ስትል ጠየቀች። እናቴ አንገቷን ደፍታ፣ «ኧረ እኔ ማን ሆኜ ነው፣ ይቅር» አለች።

እናቴ ሰው ቤት ሄዳ ሦስቴ ካልተለመነች ውሃ እንኳ የማትቀምስ ሴት ነበረች። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ግን አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ በይሉኝታዋ አፍር ነበር፣ ቶሎ ወደ ቤት መሄድም ፈልጌ ነበር።

«ሺ ሴድ ኖ» አልኩ።

ሴትዮዋ ፈቃዷን አክብራ ደብተሯን ዘጋች። እናቴ መወልወያዋን እንደያዘች ትንሽ ቆመች።

መጽሐፉ በፖስታ ሲመጣልን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ገለጠችው። ፈረሶቹ ሳይቀሩ በስማቸው ተጽፈዋል፤ እሷ የለችም። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«እሷስ ወጋችንን አታውቅም» አለችኝ። «አንቺ ልጄ፣ አንዴ እንኳ እሺ በይ ብትይኝ ምን ነበረበት?»

ቤቱ ፈርሶ አፓርታማ ተሠርቶበታል። እናቴም ካረፈች አምስት ዓመት አለፋት። ያ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር የእሷ ቃል መሆኑን ከጻፈችው ሴት በቀር የማውቅ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ፤ እሺ በይ የምላት እናት ግን የለችኝም።