ሶኬቱን የሰካው ሰው

ይህ የደረሰብኝ የዛሬ ሦስት ዓመት ክረምት ላይ ነው። ዛሬም ሰው «ለቀልድ ነው እኮ» ሲል ስሰማ ተነስቼ እሄዳለሁ። ሽንኩርት ስልጥ፣ ፀጉሬን ስሠራ፣ የሸሚዝ ቁልፍ ስቆልፍ ግራ እጄ ስለሚያስታውሰኝ ልርሳው ብልም አይሆንልኝም።

አናጺ ነኝ። ቴክኒክና ሙያ ተምሬ እንደወጣሁ መርካቶ፣ አብነት አካባቢ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጠርኩ። ቁም ሳጥንና የሱቅ መደርደሪያ ነበር የምንሠራው። ባለቤቱ ጋሽ ታደሰ ይባላሉ። ከሠራተኞቹ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ።

በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ መጋዝ ነበረን፤ ኮምፔርሳቶና ቺፑድ የሚባሉትን የተጣበቁ ጣውላዎች የምንቆርጥበት። የሚዞረውን ባለ ጥርስ ዲስክ የሚሸፍነው መከለያ «ሥራ ያጓትታል» ተብሎ እኔ ከመቀጠሬ በፊት ተፈትቶ ተጥሏል። ከዚያ የባሰው ማስነሻው ነበር። ጣት ሲጫነው የሚነሳ፣ ሲለቀው የሚቆም መሆን ሲገባው ጋሽ ታደሰ እንደተጫነ እንዲቀር በሽቦ አስረውታል። ስለዚህ ሶኬቱ ከተሰካ መጋዙ ይዞራል፤ ካልተነቀለ አይቆምም።

ሽቦው ይፈታ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«ልጄ፣ ጣቴ ዛለብኝ የሚል ሠራተኛ ለእኔ አይሆነኝም» አሉኝ። «ከፈራሽ መጋረጃ መስፋት ይሻልሻል።»

ከዚያ በኋላ አልጠየቅኩም። ራሴን መጠበቅ ብቻ ያዝኩ። መነጽር አደርጋለሁ፣ ጆሮዬን እሸፍናለሁ፣ ሻሼን ጠበቅ አድርጌ ወደ ኋላ አስራለሁ፣ ዲስኩን ከመንካቴ በፊት ሶኬቱን እነቅላለሁ። ይህን ያየ ፋሲል የሚባል አናጺ «ፓይለቷ» የሚል ስም አወጣልኝ። ስሙ ጸደቀ። ደንበኞች ሳይቀሩ በዚያ ይጠሩኝ ጀመር።

ፋሲል ጨዋታ አዋቂ ነው። እሱ ከሌለ ቤቱ ይቀዘቅዛል ይላሉ። ጨዋታው ግን ሁልጊዜ በአንድ ሰው ላይ ነበር፣ ያም ሰው እኔ ነበርኩ። መነጽሬን ሙጫ ቀብቶብኝ ያውቃል። ጎንበስ ብዬ ስለካ ከኋላዬ ሳንቃ መሬት ላይ ይጥላል። ስበረግግ ይስቃሉ። አንድ ቀን አልቅሼ «ማሽን አጠገብ ስሆን እንኳ ተወኝ» ብዬ ለመንኩት። ያንን ለቅሶዬን አስመስሎ ሲያሳያቸው ሰነበተ።

የዚያን ቀን ዝናብ ስለነበር ሁላችንም ቆርቆሮው ሥር ተጨናንቀን ነበር የምንሠራው። ዲስኩ ደንዞ ቺፑዱን ያጨሰው ጀመር። ልቀይረው ብዬ ሶኬቱን ከማከፋፈያው ነቀልኩና ገመዱን መሬት ላይ ተውኩት። መጋዙን ጠረጴዛው ላይ ገልብጬ፣ ዲስኩ እንዳይዞርብኝ በግራ እጄ ይዤ፣ በቀኜ ቡሎኑን መፍታት ጀመርኩ። ጆሮዬ ተሸፍኖ ስለነበር ከኋላዬ የሚሆነውን አልሰማሁም። በኋላ እንደነገሩኝ ፋሲል ሌሎቹን ጠቀሳቸው፤ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም አሰኛቸው፤ ከዚያ በእንብርክኩ ሄዶ ገመዱን አነሳ። ሰካው።

መጋዙ ዘለለ። እኔም ዘለልኩ። መጀመሪያ ሕመም አልተሰማኝም፤ እጄን በብረት የመቱኝ ነበር የመሰለኝ። የጆሮ መሸፈኛዬ ወደቀ፤ ያኔ ሳቃቸውን ሰማሁ።

«ፓይለቷ ተነሳች» አለ ፋሲል።

ሳቁ ወዲያው አልቆመም። መርሳት ያቃተኝ ይሄ ነው። አንዱን እጄን በሌላው ጨብጬ፣ ደሙ በክንዴ ወርዶ ሰጋቱራው ላይ እየተንጠባጠበ፣ እነሱ ግን ደንግጬ የምዘል መስሏቸው ይስቁ ነበር። ከዚያ አንዱ ዝም አለ። ቀጥሎ ሌላው።

ሮጠው ሶኬቱን የነቀሉት ቀለም ቀቢያችን ጋሽ ከማል ናቸው። ሸሚዛቸውን አውልቀው እጄን ጠቀለሉት። ፋሲል ባለበት ቆሞ «ብልጭ ላደርገው ብቻ እኮ ነው፣ ላስደነግጣት ነው» ይል ነበር። የሚናገረው ለእኔ አልነበረም፤ ለሌሎቹ ነበር።

መርካቶ በዚያ ሰዓት መኪና አይላወስበትም። ጋሽ ከማል በካናቴራ ብቻ ሆነው፣ ዝናብ እየመታቸው፣ በተሸካሚና በጭነት መኪና መሃል «መንገድ፣ መንገድ» እያሉ አስፋልቱ ድረስ ደግፈው ወሰዱኝና ታክሲ ውስጥ አስገቡኝ። አንደኛውን ጣቴን ሰጋቱራ ውስጥ አግኝተው በፌስታል ይዘውት ነበር። ሐኪሙ ፌስታሉን ከፍቶ አየና መልሶ ቋጠረው። ጠቋሚ ጣቴና የመሃል ጣቴ በዚያው ቀሩ።

ፖሊስ ጣቢያ አመለከትኩ። መርማሪው ሥራ ቤቱ ሄዶ ሲጠይቅ ሁሉም «ሥራ ላይ ነበርን፣ አላየንም» አሉ። ጋሽ ታደሰ «ሶኬቱን ሳትነቅል ነው የፈታችው» ብለው ቃላቸውን ሰጡ። የማስነሻው ሽቦ ተፈትቶ፣ አዲስ መከለያ ተገጥሞ መጋዙ ለምርመራ ቀረበ። የቀረኝ ተስፋ ጋሽ ከማል ነበሩ። እሳቸውም «ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር» አሉ። በኋላ ብርቱካን ይዘው ቤት ድረስ መጡ። ዓይኔን ሳያዩ «በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ሥራ ማን ይሰጠኛል ብለሽ ነው?» አሉኝ። ብርቱካኑን ተቀበልኳቸው። ምን ላድርግ?

ቀጥሎ ሽማግሌ ተላከብኝ። ሽማግሌዎቹና ጋሽ ታደሰ እናቴ ቤት ተቀመጡ፤ ፋሲል በሩ ላይ ተንበርክኮ ያለቅስ ነበር። ለቅሶው የእውነቱን ይመስለኛል።

«ቀልድ ነው ልጄ፤ ሆን ብሎ አይደለም» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

ጋሽ ታደሰ ደግሞ «ግራሽ መሆኑ እግዜር ሲወድሽ ነው» አሉኝ።

ወደ እናቴ ዞርኩ። እሷ ታድነኛለች ብዬ ነበር። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አለችኝ። «በይ ይቅር በይው፤ ሰዎቹን አታስቀምጫቸው።»

«ይቅር ብያለሁ» አልኩ። ፋሲል ጉልበቴን ሳመ። ክሱም በዚያው ቀረ።

እጄ ሲሽር ጋሽ ታደሰ ደወሉልኝና «በሦስት ጣት ሳንቃ አይያዝም፣ ሌላ ነገር ሞክሪ» አሉኝ። መሮዬና ሜትሬ እዚያ ስለነበሩ ልወስዳቸው ሄድኩ። በሩ ላይ ስደርስ ፋሲል አዲስ ለተቀጠሩ ሁለት አናጺዎች ወሬ ይዟል። ጀርባው ወደ እኔ ነው። ጣቶቹን ዓይኑ ላይ እንደ መነጽር አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ቡሎን ሲፈታ አሳያቸው። ከዚያ ዘለለ። አዲሶቹ ሳቁ።

«ከዚያስ ምን ሆነች?» አለ አንደኛው እየሳቀ።

እኔን የሚያውቁኝ አይተውኝ ነበር። ፋሲል ፊታቸውን አይቶ ዞረ።

«ጨርስላቸው እንጂ» አልኩት።

ፊቱን አዙሮ ሳንቃ መለካት ጀመረ። ዕቃዬን ለቅሜ ቦርሳዬ ውስጥ ስከት ጊዜ ወሰደብኝ፤ እጄ ገና አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። ማንም አላገዘኝም። ስወጣ ከአዲሶቹ አንዱ «ይቺ ናት እንዴ?» ሲል ሰማሁት።

አሁን ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ኮልፌ በኩል ትንሽ ሥራ ቤት አለችን። መጋዝ ዛሬም እይዛለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ድምፁን ስሰማ ያስመልሰኝ ነበር፤ ለመድኩት። ዲስክ ስቀይር ሶኬቱን ነቅዬ መሬት ላይ አልተወውም፤ ገመዱን ስቤ ሶኬቱን ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ። ይህን የምታነቡ አናጺዎች እንደዚያ አድርጉ። ማስነሻው የታሰረ መጋዝም አሠሪ ቢቆጣ እንኳ አትንኩ።

በቅርቡ ፋሲል ልጅ ወልዶ ለክርስትናው ጠራኝ። አልሄድኩም። እናቴ ግን «ሽማግሌ ያስታረቀው ሰው ነው» ብላ ሄደች። ተመልሳ ነጠላዋን እያጠፈች «ስለ እጅሽ ጠየቀኝ» አለችኝ።

«ምን አልሽው?»

«ድናለች አልኩት። ደስ አለው።»

እናቴን እንደዚያን ቀን ተቆጥቻት አላውቅም። ይቅር ያልኩት በአፌ ነው። ልቤ ገና ነው፤ ይመጣ እንደሆነ አላውቅም፣ እንዲመጣም አልለምነውም።