መልሱ ሳይሰማ የተቆረጠ ዝግባ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሶዶ

ከሶዶ የተነሳሁት ደሜ እንደፈላ ነው። በሳምንቱ አጋማሽ የተፈጥሮ ሀብት ጽሕፈት ቤቱ እኛን መምህራንን ጭምር ስብሰባ ጠርቶን ነበር። ቦምቤ አጠገብ ያለች የአንዲት መንደር ዱቡሻ፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር የሚፈርዱበት ሜዳ፣ የችግኝ ጣቢያ ሊሆን ነው ተባለ። አሮጌዎቹ ዝግባዎች ጥላቸው ችግኝ ስለሚያቀጭጭ ይቆረጣሉ። "ሕዝቡ በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል" ሲሉ ጊዜ፣ "ሽማግሌዎቹ ምን ብለው ተስማሙ?" ብዬ ጠየቅሁ። የቡድን መሪው ሳቀብኝ።

"መምህር፣ ይሄ እኮ የደን ጉዳይ ነው። ታሪክና ተረት እዚህ ምን ይሠራልዎታል?"

አዳራሹም አብሮ ሳቀ። እሺ፣ ሄጄ በዓይኔ አያለሁ አልኩ በሆዴ።

አረካ

ሚኒባሱ እንደ ጆንያ ጠቅጥቆን አረካ ደረስን። ግራ ቀኙ እንሰትና ቡና ነው፤ ዳገቱ ሁሉ በዘመቻ እርከን ተተልትሏል። ቦዬ የሚሉትን ሥራ ሥር ተቀቅሎ በዳጣ በላሁ፤ የዳጣው ማቃጠል ከእኔ ንዴት አይብስም። አጠገቤ የተቀመጠች ቅቤ ነጋዴ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ።

"ቦምቤ። ዛፍ ላያ።"

"ዛፍ ትነግዳለህ እንዴ ጋሼ?"

"ኧረ እኔ ታሪክ አስተማሪ ነኝ።"

"ውይ! ታዲያ ዛፍ ምን ያደርግልሃል?"

እሷ እንኳ! ሳልወድ በግዴ ሳቅሁ።

ዱቡሻው

ከአረካ ቦምቤ በአይሱዙ ጋቢና፣ ከዚያ በእግር። ጭቃው ጫማዬን ሊያስቀረው ምንም አልቀረውም። ከዚህ በፊት ስመጣ ከሩቅ የማየው ዝግባ ጠፋብኝና መንገድ የሳትኩ መሰለኝ። አልሳትኩም። ዝግባዎቹ ተጋድመዋል፤ ጉቶው ገና እርጥብ ነው። የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ትናንት በሞተር መጋዝ ጥለዋቸዋል።

ሽማግሌዎቹ ግን እንደ ወትሯቸው በየቦታቸው ተቀምጠዋል፣ አናታቸውን ፀሐይ እየቀቀለው። ዱቡሻውን የሚመሩትን አቶ ኦይቻን በወላይትኛ ሰላም ብዬ ምን እንደሚጠብቁ ጠየቅኋቸው።

"ዛሬ የመልስ ቀን ነው" አሉኝ።

"የምን መልስ?"

"የመንግሥት ሰዎች ጥያቄ አምጥተው አልነበረም? እዚህ ነገር በመጣ ቀን ይሰማል እንጂ አይመለስም። እንግዳን እዚያው በተናገረበት ቀን መቃወም ነውር ነው። ቤት ገብተን፣ ከሚስትም ከጎረቤትም ተማክረን፣ በሚቀጥለው ዱቡሻ እንመልሳለን። ያን ቀን ዝም ያልነው እየሰማን ነው።"

እነዚያ ደግሞ ዝምታውን "ሙሉ ድምፅ" ብለው ይዘውት ሄዱ! እግዚኦ!

ከዚያ ያየሁትን መቼም አልረሳውም። ዛፍ በሌለበት ሜዳ፣ ሽማግሌዎቹ በየተራ እየተነሱ መለሱ። አንዱ፣ ምንጩ ውሃ የሚያገኘው ከዝግባው ሥር ነው አሉ። ሌላው፣ የተጣላ ሰው ጥላ ሥር ካልተቀመጠ ንዴቱ አይበርድም አሉ። መጨረሻ ላይ አቶ ኦይቻ ተነሱ።

"መልሳችን አይሆንም ነው። አድርስልን።"

አደርሳለሁ አልኩ። በንዴት አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ሰኞ፣ ሶዶ

ቤቴ ገብቼ እሑድን እንደምንም አሳለፍኩና ሰኞ ቢሮው ገባሁ። መልሱን እንዳለ ለቡድን መሪው ነገርኩት።

"ታዲያ ያን ቀን አፋቸውን ምን ያዘው?" አለኝ።

"ጨዋነት ነዋ! መኪናችሁ ውስጥ የዛፍ ባለሙያ ነበረ፣ የአፈር ባለሙያ ነበረ፤ የሰው ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው ግን አልነበረም። ያ ሰው ቢኖር ኖሮ ዛፎቹ ዛሬም ቆመው ነበር።" ጉዞው ያስተማረኝ ይህንኑ ነው፤ ጮኼ ነገርኩት።

አንገቱን አከከ። "ያለፈው አለፈ፣ መምህር። ክረምት ሲገባ ችግኝ ይተከላል። እርስዎን ይሰሙዎታል፤ ሕዝቡን ለተከላው ያስወጡልን።"

"ራስህ ሂድና ጠይቃቸው። ዝም ሲሉህ ተመለስና መልሳቸውን ጠብቅ።"

"እምቢ ቢሉስ?"

"እምቢ ካሉማ እምቢ ነው!"

እንዲህ ያለ መልስ መኖሩን የሰማው ገና ያኔ መሰለኝ።