ጭቃ የሸፈነው ዳዶ

መሐል ሜዳ ከተማ የመኪና እጥበት ሥራ የጀመርኩት ሠራዊቱ ተበትኖ ወደ አገሬ በገባሁ በዓመቱ፣ ክረምት መግቢያ ላይ ነው። የላቫጆው ባለቤት አቶ ጥላዬ መጀመሪያ የሰጡኝ ከቀየት በኩል የመጣ የጭነት መኪና ጎማ ነበር። ጥቁሩ ጭቃ ደርቆ እንደ ግድግዳ ምርጊት ተለጥፎበታል። ባልዲ አንሥቼ ውኃ ልደፋበት ስል እጄን ያዙኝ።

«ቆይ! እንዲህ ከሆነማ ቀኑን ሙሉ ጭቃ ስታቦካ ልትውል ነው» አሉኝ።

ጆንያ ውኃ ውስጥ ነክረው ጎማው ላይ ጣል አደረጉ። ጭቃው እስኪርስ ጠብቀን በእንጨት መፋቂያ ፋቅነው። ብረት ላስቲኩን ስለሚቆርጥ ክልክል ነው። ብሩሹና የሳሙናው ውኃ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ከሁሉ የሚያስቸግረው በጎማው ብረት፣ በቸርኬው ውስጠኛ ጎን የሚጋገረው ጭቃ ነው፤ እሱ ካልወጣ መኪናው መንገድ ላይ መሪ ያንቀጠቅጣል።

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስገባ፣ ከጓሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጣቶቼን አደንዝዟቸው የሸሚዜን ቁልፍ መፍታት አቃተኝ።

እንጀራዬ በአቶ ጥላዬ እጅ ስለነበረ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በስጋት ነው የሠራሁት። አንድ ጊዜ አንድ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ጎማው እንዲያብረቀርቅለት የተቃጠለ ዘይት ቀባው አለኝ። ላስቲኩን ይጎዳዋል ብዬ ነገርኩት።

«አንተን ማን ጠየቀህ?» ብሎ በቀጥታ አቶ ጥላዬ ዘንድ ሄደ።

አቶ ጥላዬም ሾፌሩ ከሄደ በኋላ ጠርተው፣ «ሁለተኛ ደንበኛ ብታስቀይምብኝ ሌላ ሥራ ፈልግ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሁሉ ለመናገር እፈራ ነበር።

በአንዱ ሐምሌ፣ ገና ሞባይል ሳይደርሰን፣ የጤና ጣቢያ መኪና እየተንገጫገጨ ግቢያችን ገባ። ሾፌሩ ጋሽ በየነ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ፤ ያን ቀን ግን ፊታቸው ጠቁሯል። ከኋላ አስካለ የምትባል ምጥ የጠናባት ወጣት ሴት ተኝታለች። ወደ ደብረ ብርሃን እየወሰዷት ነው። እናቷ እጇን ይዘው ማርያም፣ ማርያም ይላሉ።

«መሪው እጄ ላይ እየዘለለ ነው» አሉኝ ጋሽ በየነ። «የፊት ጎማው ጭቃ ጠጥቷል። ቶሎ ፋቅ ፋቅ አድርግልኝ።»

ጆንያ አርሶ መጠበቅ የማይታሰብ ነው። ከጎማው ሥር ተኝቼ በመፋቂያው መቆፈር ጀመርኩ። ጭቃው በቁራሽ በቁራሽ ፊቴ ላይ ይወድቃል። የአስካለ ጩኸት በመኪናው ወለል በኩል ይሰማኛል።

ውስጡን ጨርሼ ወደ ውጭው ጎን ዞርኩ። ጋሽ በየነ «ይበቃል» ብለው በሩን ከፈቱ። ያን ጊዜ ነው ጭቃው በተነሣበት ቦታ ዝገት የመሰለ ቀይ መስመር ያየሁት፤ የላላ ዳዶ ሲፋተግ የሚተወው ዓይነት። ጎማውን ከሚያስሩት ዳዶዎች አንዱን በጣቴ ነካሁት፤ ዞረ። የቀረውን ጭቃ በመዳፌ ጠረግሁት። ከስድስቱ ሦስቱ ጭራሽ የሉም።

«ጋሽ በየነ፣ ይህ ጎማ ይወጣል» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። ደግሜ ጮህኩ።

እናትየው በመስኮት ብቅ አሉ። «ልጄ እያለቀችብኝ አንተ ጭቃ ትቆጥራለህ? ልቀቀን እንጂ!»

አቶ ጥላዬም ከበረንዳው፣ «ሰዎቹን አታቁማቸው!» አሉ።

ጋሽ በየነ ወርደው ዳዶውን ነኩት። «ይህን ጎማ ትናንት በዝናብ፣ መንገድ ላይ ነው የቀየርኩት» አሉና ክሪክ ለማውጣት ሮጡ። መኪናውን አነሣን። ከሌሎቹ ሦስት ጎማዎች አንድ አንድ ዳዶ ፈትተን በጎደለው አሰርን። የላሉትን እኔ አጠበቅሁ። ስጣደፍ መፍቻው ሁለት ጊዜ አመለጠኝ።

መኪናው ከወጣ በኋላ ጥርጣሬ ያዘኝ። የመጨረሻውን አጥብቄዋለሁ? ወይስ ክሪኩን ለማውረድ ስቸኩል ረሳሁት? ከደብረ ብርሃን የሚመጣውን ሾፌር ሁሉ እየሮጥኩ ጠየቅሁ። አንዱ፣ «ከመንገዱ ዳር ካለው ገደል አጠገብ አንድ ነጭ መኪና ቆሞ አይቻለሁ፤ ምን እንደሆነ እንጃ» አለኝ። የቀረውን ቀን ምን እንዳጠብኩ አላውቅም።

ጋሽ በየነ በማግስቱ ተመለሱ። ሲወርዱ ሳያቸው ባልዲዬን ጥዬ ሮጥኩ።

«ገደሉ ጋ የቆምኩት እኔ ነኝ። ዳዶውን ላየው ብዬ ነው የወረድኩት። ጠብቆ ነበር» አሉኝ።

«ሴትዮዋስ?»

«እሷ ተርፋለች። ሕፃኑ አልተረፈም።»

ሕፃኑን የገደለው ያቆምናቸው ጊዜ ይሆን እንዴ ብዬ ጠየቅኋቸው። «መቼ እንደሞተ የነገረኝ የለም» አሉ። አላጽናኑኝም፣ አልወቀሱኝምም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ በገበያ ቀን እናትየው ወደ ግቢያችን መጡ። አስካለ ከኋላቸው ቀስ እያለች ትራመዳለች። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እናትየው አጠገቤ ቆሙና፣ «በየነ ነግሮኛል። ባታስቆመን ሁለቱንም አጣ ነበር» አሉ። አስካለ በጭቃ የተለወሰ እጄን ጨብጣ ሄደች።

ሕፃኑ በዚያ መቆም ምክንያት ሞቶ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ግን ዳዶውን በእጄ ሳልነካ ከግቢ ያስወጣሁት መኪና የለም። አቶ ጥላዬም ደንበኛ አስቆምክ ብለው ዳግመኛ አልተቆጡኝም።

ይህን ሥራ ለያዛችሁ የምለው ይኸው ነው፦ ጭቃውን ካነሣችሁ በኋላ ዳዶውን ንኩ። ከላላ ተናገሩ፤ ባለመኪናው ቢቸኩልም፣ አለቃችሁ ቢቆጣም።