ሹፌር ያጣችው ካሜራ

የእድራችን ጸሐፊ አቶ ገብረክርስቶስ ሠላሳ አራት ዓመት መዝገብ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ከመዝገብ ቤት በጡረታ ከወጡ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ መዝገብ ቤቱ ግን እስከ ዛሬ ከእሳቸው አልወጣም። የልጃቸውን የሠርግ ጥሪ ሲያረቁ እንኳ «ጉዳዩ፦ ሠርግን ይመለከታል» ብለው ጀምረው ባለቤታቸው ወይዘሮ እንቁ ናቸው ያሰረዟቸው።

እድሩ አንዲት ካሜራ አለችው። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት በኮሚቴ ውሳኔ የተገዛች፣ የሳሙና ማስቀመጫ የምታክል፣ ቀለሟ የተላጠ ርካሽ ዲጂታል ካሜራ ናት። ጀርባዋ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም የንብረት ቁጥር ተጽፎባታል። ያነሳችውን የምታሳይበት መስታወት እንኳ የላትም፤ ፎቶው የሚታየው በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ስትገናኝ ብቻ ነው። «ስልክ እያለ ምን አስቸገረን?» ያላቸው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ ነው ያገኘው፦ «ስልክ የግል ነው። ካሜራዋ ንብረት ናት።»

አምና ሰፈሩ ግማሹ ሲፈርስ አባላት አያት፣ ገላን፣ ቦሌ አራብሳ ተበተኑ። እድሩ ግን አልፈረሰም። ጠቅላላ ጉባኤው እሪ በከንቱ ሰፈር በቀረችው ክፍላችን ተሰብስቦ፣ አዲስ አድራሻና አዲስ ጉርድ ፎቶ ያለበት የአባልነት ደብተር ይዘጋጅ ሲል ወሰነ። አቶ ገብረክርስቶስ ለሥራው ሲሰናዱ፣ ቸርችል ጎዳና ላይ ኮምፒውተር የምትጠግነውን ሉዋምን ጠሩ። የእድሩን አሮጌ ኮምፒውተር ሊኑክስ በሚባል፣ በነፃ በሚታደል ሲስተም ነፍስ የዘራችበት እሷ ናት። ሉዋም ሲስተሙን ወደ አዲሱ አሳደገችና ሄደች። ካሜራዋ ስትሰካ ኮምፒውተሩ አላወቃትም።

ሉዋም ተመልሳ መጥታ ግማሽ ቀን ስትታገል ዋለች።

«ጋሼ፣ ካሜራዋ ጤነኛ ናት። ያጣችው ድራይቨር ነው።»

«ሹፌር?»

«ሹፌር እንኳ አይደለም። ካሜራዋና ኮምፒውተሩ ቋንቋቸው ለየቅል ነው። መሃል ሆኖ የሚያግባባቸው ትንሽ ፕሮግራም አለ፣ እሱን ማለቴ ነው።»

«አስተርጓሚ ነዋ! ታዲያ ምን ሆነው ነው ሹፌር ያሉት?»

ሉዋም ነገሩን አስረዳቻቸው። ድራይቨሮቹን የሚጽፉት በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የጻፉትን ማንም ያነበዋል፣ ማንም ያርመዋል፤ ደመወዝ የሚባል ነገር የለም።

«እድር ነው በይኛ» አሉ አቶ ገብረክርስቶስ። «ታዲያ የእኛው የት ገባ?»

«አምና ከሲስተሙ አወጡት። ይህን ካሜራ የሚጠቀም ሰው በዓለም ላይ አልቀረም ብለው።»

አቶ ገብረክርስቶስ መነጽራቸውን አወለቁ። «ማንን ጠይቀው?»

«ያለ ሰው ካለ ይናገር ብለው በኢንተርኔት አስታውቀው ነበር።»

«እኛ ሰፈር ተለጥፏል?»

በማግስቱ አቶ ገብረክርስቶስ ለበጎ ፈቃደኞቹ የጻፉት ደብዳቤ ተዘጋጀ። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ የእድሩ ክብ ማኅተም አርፎበታል። «ጉዳዩ፦ በሕይወት ያለ ካሜራ ከመዝገብ ስለ መሰረዙ» ይላል። «ካሜራችን በመልካም ጤንነት ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ ተጠቃሚ የላትም ተብላ የተሰረዘችው ተጠቃሚው ሳይጠየቅ በመሆኑ፣ ጉዳዩ እንደገና ታይቶ ወደ ነበረችበት እንድትመለስልን እየጠየቅን፣ ስለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን።» ከግርጌው ግልባጭ አለው፤ ለሊቀመንበሩ፣ ለንብረት ክፍልና ለመዝገብ ቤት። ንብረት ክፍሉም መዝገብ ቤቱም ራሳቸው አቶ ገብረክርስቶስ ናቸው። ሉዋም እየሳቀች ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው፤ ግልባጩን ልትተወው ስትል ግን «አንድም ነገር እንዳይጎድል» አሏት።

በሦስተኛው ቀን ማሬክ የሚባል የቼክ አገር ሰው መለሰ። ድራይቨሩን የጻፈው እሱ ራሱ ነው፣ ተማሪ ሳለ። ያኔ የሞከረበት ካሜራ የእህቱ ነበር፤ ጀልባ ላይ ሆና ሐይቅ ውስጥ ጣለችው። ፕሮግራሙ ሁሉ ስለተለወጠ የድሮውን እንዳለ መመለስ አይቻልም፤ እንደ አዲስ መጻፍ አለበት። እሱ ይጽፋል፣ የሚሞክርበት ካሜራ ግን የለውም። እየሞከራችሁ ያያችሁትን ትነግሩኛላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። መጨረሻ ላይ፣ ይህ መልስ ለንብረት ክፍልም ይደርስ ዘንድ ለማን ልላከው ብሏል።

«ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ነው» አሉ አቶ ገብረክርስቶስ።

ለሙከራ ፊት አስፈለገ። ከእድሩ ክፍል አጠገብ ክርና ቁልፍ የሚሸጡት ወይዘሮ ዘይቱና ነበሩ ቅርብ የተገኙት። አፋቸው የአራዳ አፍ ነው፤ ገብረክርስቶስን አርባ ዓመት ስለሚያውቋቸው አንቱ ብለዋቸው አያውቁም። ካሜራዋ ደግሞ ሰው አራት ሰከንድ ያህል ሳይነቃነቅ ካልተቀመጠላት አታነሳም።

«ዘይቱና፣ አትናገሪ።»

«አራት ሰከንድ ዝም? እኔ?»

በመጀመሪያው ሙከራ ወይዘሮ ዘይቱና ተዘቅዝቀው ወጡ። አቶ ገብረክርስቶስ ለማሬክ «ወይዘሮዋ በጭንቅላታቸው ቆመዋል» ብለው ሪፖርት ጻፉ። ማሬክ አስተካክሎ ላከ። በሁለተኛው ቀጥ ብለው ወጡ፤ ግን አረንጓዴ ሆነዋል።

«ገብሬ፣ ይሄ እኔ ነኝ ወይስ ጎመን?»

በሦስተኛው ሐምራዊ ሆኑ። በአራተኛው ቀለማቸው ትንሽ ተመለሰ፤ ነገር ግን ቀኝ ጆሯቸው ከግራ ጠርዝ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ማሬክ የቀለሙን ቅደም ተከተል ለመለየት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነገር በቀን ብርሃን አብሮ ይነሳልኝ አለ። ወይዘሮ ዘይቱና ባንኮኒያቸው ላይ አሥራ ሁለት ጥቅል ክር ደረደሩ፤ ከዚያ እሳቸውም ከጎኑ ቆሙ።

«ክሩ ብቻ ነው የተጠየቀው» አሉ አቶ ገብረክርስቶስ።

«ባለቤት የሌለው ክር ነው እንዲል?»

እንዲህ እያሉ ስምንተኛው ሙከራ ላይ ደረሱ። ያን ቀን ሉዋም ሳታስበው ነገሩን አወጣችው። ማሬክ የሙከራ ፎቶዎቹን ሌሎቹም የድራይቨር ጸሐፊዎች እንዲያዩዋቸው በግልጽ ያስቀምጣቸዋል። ስማቸውም ዘይቱና አንድ፣ ዘይቱና ሁለት እያለ ይቀጥላል።

«ማን ነው የሚያያቸው?» አሉ ወይዘሮ ዘይቱና።

«ያው ኢንተርኔት ነው እትዬ። የፈለገ ሁሉ።»

«አረንጓዴውንም?»

«አረንጓዴውንም።»

ወይዘሮ ዘይቱና ተነሥተው ሱቃቸው ገቡ። በነጋታው አልመጡም፤ በሠልስቱም አልመጡም። አቶ ገብረክርስቶስ በእሳቸው ፈንታ ራሳቸው ሊቀመጡ ሞከሩ፤ ማሬክ ግን ለማወዳደር ያው ፊት ያስፈልገኛል ብሎ መለሰ። ሥራው ቆመ።

በአራተኛው ቀን አቶ ገብረክርስቶስ ኮታቸውን ለብሰው፣ በፖስታ የታሸገ ወረቀት ይዘው ክር ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ወይዘሮ ዘይቱና ፖስታውን አዩት።

«ጉዳዩ ምንድን ነው ይላል?»

«ይቅርታ መጠየቅን ይመለከታል።»

«ወረቀቱን ኪስህ ክተተውና በአፍህ ተናገር።»

ይህ ለአቶ ገብረክርስቶስ ቀላል ነገር አልነበረም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የከበዳቸውን ሁሉ በጽሑፍ ነው የተወጡት። ኮታቸውን ቆለፉ፣ መልሰው ፈቱ። አንዲት ደንበኛ ዚፕ ልትገዛ ገብታ፣ ነገሩ ስለገባት ነው መሰለኝ፣ ቀስ ብላ ወጣች።

«ዘይቱና፣ አጥፍቻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ሳልጠይቅሽ ነው የላክሁት። ሳንጠየቅ ተሰረዝን ብዬ እስከ ቼክ አገር የጮህኩት እኔ፣ አንቺን ሳልጠይቅ ለዓለም በተንሁሽ። ፎቶውን አስወግዱት ካልሽ ዛሬውኑ እጽፋለሁ። ካሜራዋም ትቅር።»

ወይዘሮ ዘይቱና የክር ጥቅሎቹን አስተካከሉ። ሰውየው ካሜራዋ ትቅር ሲሉ መስማት እሳቸውንም ሳያስደነግጣቸው አልቀረም።

«አይወገድም» አሉ። «ግን ሁለት ነገር ትጽፍለታለህ። አንደኛ፣ ዘይቱና ብቻ አይባልም፤ ወይዘሮ ዘይቱና ይባላል። ሁለተኛ፣ ደህናው ፎቶ ሲወጣ ከሁሉ በላይ ይቀመጥ።»

ማሬክ ሁለቱንም ተቀበለ። ወይዘሮ የሚለው ቃል ምን እንደሆነ ጠይቆ ሲነገረው፣ የፎቶዎቹን ሁሉ ስም በአንድ ቀን ለወጠ።

አሥራ አንደኛው ሙከራ የተደረገው ረፋድ ላይ ነው። ወይዘሮ ዘይቱና የኢድ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ አራቱን ሰከንድ ትንፋሻቸውን ውጠው ተቀመጡ። ሉዋም ገመዱን ሰካች። ፎቶው ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ወጣ፤ ሻሽ፣ ግንባር፣ ሁለት ጆሮ በየቦታቸው። ጠይም ፊት፣ ቀጥ ያለ አንገት። አቶ ገብረክርስቶስ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ወይዘሮ ዘይቱና ጠጋ ብለው ብዙ አዩት።

«ኧረ አርጅቻለሁ!» አሉ። «አረንጓዴው ይሻል ነበር።»

ድራይቨሩ በሲስተሙ ተከታይ ዕትም ለዓለም ሁሉ ተመለሰ። ማሬክ ድራይቨሩን የፈተነው ሰው በሚጻፍበት ቦታ ላይ የአቶ ገብረክርስቶስን ስም ጻፈ፤ እሳቸውም ከነማዕረጌ ይስተካከል ብለው አላስቸገሩትም። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ አጽብሐ ለሁለት መቶ አሥራ አንድ አባላት ጥሪ አስተላለፉና፣ ፎቶው በአንድ እሑድ ተነሥቶ እንዲያልቅ መመሪያ ሰጡ።

አላለቀም። ከአያት የመጡት በባቡር ምኒልክ አደባባይ ወርደው በእግራቸው ሲደርሱ፣ ከገላን የመጡት ተሰልፈው ነበር። ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ያልተያዩ ጎረቤቶች ሰልፉ ላይ ተገናኙ። ተራው የደረሰው ሰው «ወሬዬን ልጨርስ» እያለ ለኋለኛው ይለቃል። እስከ ማታ አርባ ሰባት ሰው ብቻ ተነሣ። በሁለተኛው እሑድ ሃምሳ አንድ። አቶ አጽብሐ ተቆጡ፤ በሦስተኛው እሑድ እሳቸውም ወንበር ይዘው መጥተው ከሰዉ ጋር ሲያወሩ ዋሉ።

በአምስተኛው እሑድ አቶ ሙዓዊያ ከገላን ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። ተነሥተዋል፣ ፎቷቸውም ደብተራቸው ላይ ተለጥፏል።

«ጸሐፊ፣ ዓይኔን ጨፍኛለሁ መሰለኝ» አሉ።

አቶ ገብረክርስቶስ ደብተሩን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። ሁለቱም ዓይኖች ቦግ ብለው ተከፍተዋል። ደብተሩን ዘጉና ወሬው ወደ ደመቀበት ወደ ሰልፉ መጨረሻ አመለከቷቸው።

«እውነትዎን ነው፤ ይድገሙት» አሉ።